አብረው የገቡት

ኮምፒውተሩ ላይ «የተሰጠዎት ጊዜ አብቅቷል» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጥቶ ሳየው መጀመሪያ የመጣብኝ የልጄ ነገር ነው። ብሌን የተበላሸውን ካሜራ ልታሠራ ገና ጎህ ሲቀድ ወደ ደብረ ብርሃን ተሳፍራለች። የጣርማ በርን ዳገት አውቀዋለሁ፤ ጉም የወረደበት ቀን ሹፌር የራሱን መኪና አፍንጫ አያይም። ጽሑፉን ደግሜ ሳነበው ነው ያለቀው ጊዜ ዲስክ የምንገለብጥበት ፕሮግራም ጊዜ መሆኑ የገባኝ። ለሙከራ ሠላሳ ቀን ተሰጥቶን ነበር፤ ሠላሳው ቀን ዛሬ ሞላ። ተመስገን አልኩና ወዲያው ሌላ ጭንቀት ያዘኝ፤ ምክንያቱም ከጎኔ፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ፋዲላ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ እየጠበቀችኝ ነበር።

ፋዲላ የመጣችው ከአጣዬ ነው። ብሌን የቀጠረቻት ለዐሥር ሰዓት ነበር። እሷ ግን የታናሽ እህቷ የኑርሃን ኒካህ የፊታችን እሑድ ስለሆነ ቤቱ በሥራ በመወጠሩ፣ በስምንት ሰዓት ወደ አጣዬ የሚመለስ የጎረቤት መኪና በማግኘቷም ቀጠሮውን ሳትጠብቅ በጠዋቱ ደረሰች። የምትፈልገው አንድ ዲስክ ነው። በ2010 ዓ.ም. እሷ ስትዳር ሠርጉን የቀረጸው ባለቤቴ ንጉሤ ነው። ያኔ ዓይኑን ሞራ አልጋረደውም፤ ከማጀቴ እስከ ቀወት ገጠር ድረስ ካሜራውን ተሸክሞ ያልሄደበት ሠርግ አልነበረም። በዚያ ቪዲዮ ውስጥ አባቷ ጋሽ አብዱልመጂድ፣ ሙሽራዋ ከቤት ከመውጣቷ በፊት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ። ልጆቻቸውን በስም እየጠሩ ነው፤ መጀመሪያ ፋዲላን፣ ቀጥሎ ያኔ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የነበረችውን ኑርሃንን፣ «የእሷንም ቀን አሳየኝ፤ ባታሳየኝም ዱዓዬን አድርስላት» ብለው። ቀኑን አላዩትም። ከሁለት ዓመት በኋላ ኩላሊታቸውን ታመው ሞቱ። በዓመቱ ደግሞ አጣዬ ስትቃጠል የእነሱም ቤት ከነዕቃው ነደደ፤ ዲስኩም አልበሙም አብሮ ሄደ። የጋሽ አብዱልመጂድ መልክና ድምፅ የቀረው እኛ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። እናታቸው እትዬ መሪያም እሑድ ዕለት ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ሳሎን ውስጥ ሊያጫውቱት አስበዋል፤ ኑርሃንም እንደ እህቷ በአባቷ ዱዓ እንድትወጣ።

«ፍላሽ ላይ ባደርግልሽስ?» አልኳት።

«የእማ ቴሌቪዥን ፍላሽ አያውቅም፣ እትዬ። ዲቪዲዋም ፍላሽ መክተቻዋን የልጄ ጓደኞች በብስኩት ደፍነዋታል። ዲስክ ብቻ ነው የምትበላው።»

ሱቃችን ሮቢት ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ያለች፣ ሁለት በሦስት የሆነች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ሙቀቱ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ነው ጣሪያውን የሚይዘው። ማራገቢያው ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ከማዞር በቀር የሚረዳን ነገር የለም። በሩ ላይ የደሴ መኪኖች ይቆማሉ፤ ተሳፋሪው በመስኮት ብቅ ብሎ ማንጎ ይከራከራል፤ ስልሳ፣ ኧረ ሃምሳ አድርጊው፣ በል ሃምሳ አምስት ውሰድ። የእኔ ሥራ ፎቶ ኮፒና ላሚኔሽን ነው፤ የመታወቂያ ፎቶ ማንሳትም እችላለሁ። የሠርጉ ነገር የብሌን ነው። ዲስክ የሚጠይቀን ሰው በወር አንድ ቢገኝ ነው፤ ሁሉም በስልኩ ነው የሚያየው። ሃያ ብር የነበረው ባዶ ዲስክ ሰማንያ ገብቷል፤ እሱንም ስንት ሱቅ ዞረን ነው የምናገኘው። መሳቢያችን ውስጥ ሁለት ቀርተው ነበር። ብሌን አሠራሩን አሳይታኛለች፦ ዲስኩን አስገቢ፣ ቪዲዮውን ምረጪ፣ ቀዩን ተጫኚ። ቀዩን ስጫን ነው ጊዜው አብቅቷል ያለኝ።

ደወልኩላት። ከኋላዋ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

«እማዬ፣ ምንም እንዳትነኪ። በዐሥር ሰዓት እደርሳለሁ፤ ትጠብቀኝ።»

«መኪናዋ በስምንት ሰዓት ይሄዳል እኮ።»

«በሚኒባስ ትሂዳ። መቶ ሃምሳ ብር ነው፤ እኔ እሸፍንላታለሁ በያት።»

«አንቺ ብትዘገዪስ? መንገዱ ቢዘጋ? መብራት ቢጠፋ?»

«እማዬ በናትሽ፣» አለችና መስመሩ ተቆረጠ። በናትሽ ያለችው እንዳትነኪው ለማለት ይሁን ዝም ብለሽ አትጨነቂ ለማለት አላወቅኩም። መልሼ ስደውል ከአገልግሎት ክልል ውጭ ናት አለኝ።

መጠበቅ ነበረብኝ። ፋዲላም ብትሆን ጠብቂ ብላት የምትቆጣ ልጅ አልነበረችም። እኔ ግን መጥፎው ነገር ቀድሞ የሚታየኝ ሴት ነኝ። ብሌን ደብረ ሲና ላይ መኪና ተበላሽቶባት ስትቆም ታየኝ፤ መብራት ጠፍቶ እስከ ማክሰኞ ሳይመጣ ታየኝ፤ ፋዲላ ባዶ እጇን ስትመለስና እትዬ መሪያም በሠርጉ ቀን ሳሎኑ ውስጥ የጠፋ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው ታዩኝ። ስልኬን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝቼ፣ የቀረችኝን የአንድ ቀን የኢንተርኔት ጥቅል ከፍቼ፣ ዲስክ መገልበጫ ነፃ ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። መዓት ወጣ። ሁሉም ነፃ ነኝ ይላል። ከላይ ያለውን መረጥኩ፤ ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ ነበረው፣ አረንጓዴ ደግሞ የሚያስፈራ ነገር ላይ አይደረግም ብዬ።

«ነፃ ነው?» አለች ፋዲላ ወንበሯን እያስጠጋች።

«ነው ይላል።»

«ማን ነው እሱ ደጉ?»

«እንጃ፣ ስሙን አልጻፈም።»

ፕሮግራሙ ወርዶ ሲያልቅ ልጫንልሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ገጾቹ አምስት ነበሩ። በእያንዳንዱ ላይ ረጅም ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ ትንንሽ ካሬዎች ተደርድረዋል፤ ካሬዎቹ ውስጥ ደግሞ እኔ ሳልነካቸው አስቀድሞ ራይት ተደርጎባቸዋል። የእኔ እንግሊዝኛ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩበት እንግሊዝኛ ነው፤ ቃሉን አውቀዋለሁ፣ ዐረፍተ ነገሩን ግን አላምነውም። «እስማማለሁ» የሚለውን ለየሁት፣ «የሚመከር» የሚለውንም ለየሁት። የቀረው ጭቃ ሆነብኝ። አሁን ብሌን እንደምትለው ራይቱን አንድ በአንድ ማንሳት ነበረብኝ። ግን ራይት ስል የማውቀው መምህር በቀይ እስክሪብቶ ልክ የሆነ መልስ ላይ የሚያደርገውን ነው። ማትሪክ በተፈተንኩበት ቀን ፈታኙ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሞ፣ ያጠቆረውን የደለዘ ሰው ወረቀቱን ማሽኑ አያነብለትም ብሎ ሦስት ጊዜ ነግሮናል፤ አንድ መልስ ስህተት መሆኑን እያወቅኩ ሳልነካው የወጣሁት ለዚህ ነው። ቀበሌም ስሄድ ጸሐፊዋ ምልክት ያደረገችበት ቦታ ላይ ነው የምፈርመው፤ ምልክቷን ነክቼ ወረቀቴ ይመለስብኝ? እዚህም የሆነ የሚያውቅ ሰው አስቦበት ራይት አድርጎታል፤ እሱን ካነሳሁ አንድ ነገር ይጎድላል፣ ዲስኩም ይበላሻል አልኩ። ቀጥል፣ ቀጥል፣ ቀጥል፣ እስማማለሁ፣ ጨርስ።

አንድ ፕሮግራም ጠርቼ አራት አስከትሎ ገባ። ኢንተርኔቱን ስከፍተው ሁልጊዜ የሚመጣው ገጽ ጠፍቶ የሴት ጫማ የሚሸጥ ገጽ ተተካበት። ከላይ በስተቀኝ በኩል የአየር ጠባይ የሚናገር ሰማያዊ ነገር ተለጠፈ፤ የማን አገር እንደሆነ እንጃ፣ ሦስት ዲግሪ ነው፣ በረዶ ይጠበቃል ይላል። ሦስተኛው በየአምስት ደቂቃው ደውል እያሰማ እንኳን ደስ አለዎት ይለኛል። አራተኛው መጥረጊያ የሚመስል ምልክት ያለው ሲሆን፣ ከታች ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ዝም ብሎ ይቆጥራል፤ ዘጠና፣ ሁለት መቶ ዐሥር፣ አራት መቶ። ምን እንደሚቆጥር አልነገረኝም።

«ይሄ ሁሉ ለአንድ ዲስክ ነው?» አለች ፋዲላ።

«አብረው ነው የገቡት።»

«የአጎቴ ነገር ነዋ። አንድ የሠርግ ካርድ ይሰጣቸዋል፣ እነሱ በአይሱዙ ይመጣሉ።» ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ በዚህ ነገር መሳቄ ደስ አላለኝም።

የጠራሁት ፕሮግራም ግን ሠራ። ያንን መካድ አልችልም። ቪዲዮውን ተቀብሎ፣ ዲስኩን አዙሮ አዙሮ፣ አንድ ሰዓት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው መቶ በመቶ ብሎ ተፋልኝ። ሁለታችንም እየተሽቀዳደምን ሱቁ ውስጥ ባለችው አሮጌ ዲቪዲ ላይ ከተትነው። የድሮው ቤታቸው ግቢ መጣ፣ የፓፓያው ዛፍ፣ ሰማያዊው ድንኳን፣ ኩርሲ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች። ከዚያ ጋሽ አብዱልመጂድ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ጺማቸውን ሒና ተቀብተው ብቅ አሉ። ፋዲላ ሻርፗን አፏ ላይ አደረገች። እሳቸው እጃቸውን ሲዘረጉ ከግንባራቸው እስከ ኮፍያቸው ጫፍ ድረስ በትልልቅ ነጭ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ ነገር ነበር። የሚያልፍ መስሎኝ ጠበቅኩ። አላለፈም። እሳቸው ወደ ግራ ሲዞሩ ጽሑፉ እዚያው ነው፤ ካሜራው ወደ ሴቶቹ ሲዞር የእትዬ መሪያም ደረት ላይ ነው፤ ተመልሶ እሳቸው ላይ ሲመጣ ደግሞ ግንባራቸውን ይይዛል።

«እትዬ፣ አባዬ ግንባር ላይ ምንድን ነው የጻፋችሁበት?»

«እኔ አይደለሁም። የፕሮግራሙ ስም ነው።»

«ከሥሩስ ያለው ትንሹ?»

«በነፃ የተሠራ ነው ይላል።»

ጠጋ ብላ አየችው። «አባዬ እኮ ነፃ ነገር አይወድም ነበር» አለች። «ገበያ ላይ አንዲት ሎሚ ቢመርቁለት እንኳ ዋጋዋን ሳይጠይቅ አይቀበልም።»

ይቅርታ አልኳት፣ ደግሜ ይቅርታ አልኳት። ሰው ይቅርታ ሲበዛበት እንደሚያደርገው እሷ እኔን ማጽናናት ጀመረች። ድምፁ ንጹሕ ነው አለች። እማ ዓይኗ ደክሟል፣ ጽሑፉን ላታየውም ትችላለች አለች። እኔም ቅዳሜ ብሌን ንጹሑን ሠርታ በመኪና ትልክላችኋለች፣ እስከዚያ ይሄኛው ይቆይ ብዬ ቃል ገባሁ። ኢንሻአላህ አለች። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ መኪናው በር ላይ መጥቶ ጥሩምባውን ሲነፋ ዲስኩን ልብሷ መሀል አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ልትወጣ ስትል ዞር ብላ፣ «አይጨነቁ እትዬ፣ ብሌን ታስተካክለዋለች» አለችኝ። አንቺ አትጨነቂ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ብቻዬን ስቀር ሙቀቱ ጨመረ። ሁለት ተማሪዎች ትራንስክሪፕት ኮፒ አስደርገው ሄዱ። ከዚያ መጥረጊያው መቁጠሩን ጨረሰና ስክሪኑን ሞልቶ በቀይ ወጣ። ኮምፒውተርዎ አደጋ ላይ ነው፣ አንድ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ሰባት ችግሮች ተገኝተዋል፣ አሁኑኑ ያስተካክሉ። በዕድሜዬ አደጋ አለ ተብዬ አላምንም ያልኩበት ቀን የለም። ለካ ያ ግንባራቸው ላይ የተጻፈው ነገርም ከችግሮቹ አንዱ ነው አልኩ። ካስተካከልኩት ንጹሑን እኔው እገለብጠዋለሁ፣ ብሌን ስትመጣ ሁሉም ነገር አልቆ ታገኘዋለች፣ ልጅቷም ቅዳሜን መጠበቅ የለባትም አልኩ። አስተካክል የሚለውን ተጫንኩት። ረጅም ዝርዝር መጣ። አሮጌ፣ ትልልቅ፣ ቦታ የያዙ የሚል ርዕስ ነበረው፤ ከሥሩ ያሉት ስማቸው ቁጥር ብቻ ነው፣ ካሜራው ራሱ የሚሰጣቸው ዓይነት። ሁሉም ላይ ራይት አለ። አልነካኋቸውም። እርግጠኛ ነዎት ሲለኝ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም ብዬ ለራሴ እየሳቅኩ አዎ አልኩት።

አራት ደቂቃ ነው የፈጀበት። ሁለት መቶ ዐሥራ ሁለት ጊጋባይት ቦታ ተገኝቷል፣ እንኳን ደስ አለዎት አለኝ፤ ቀዩም አረንጓዴ ሆነ። የቀረውን አንድ ዲስክ ከመሳቢያው አውጥቼ አስገባሁና የሠርጎቹን ፎልደር ከፈትኩት። ነጭ ነው። ዘግቼ ከፈትኩት። ከ2005 እስከ 2015 የሚሉት ዐሥራ አንዱም ፎልደሮች ስማቸው አለ፣ ውስጣቸው ባዶ ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ ጫማ ሻጩ መጣ፣ ሦስት ዲግሪው መጣ፣ ሠርጎቹ አልመጡም። ከዚያ በኋላ ሰው ፎቶ ሊነሳ ሲመጣ ካሜራው የለም እያልኩ እመልሳለሁ። የመታወቂያ ፎቶ የማነሳባት ትንሿ ካሜራ ግን ነበረች።

ብሌን በዐሥር ሰዓት ከሩብ ደረሰች። አቧራ ለብሳ፣ ደስ ብሏት፤ ካሜራው ተሠርቷል። ለእኔም ሐኪም ያዘዘልኝን የእግር ቅባት ገዝታልኛለች። ስክሪኑን አየችና፣ «እማዬ፣ ይሄ ብርድ ከየት መጣ? ሮቢት ላይ በረዶ ሊጥል ነው?» ብላ ሳቀች። ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ተቀመጠችና ማውዙን ያዘች። ፎልደሩን ከፈተች፣ ዘጋች፣ ሌላውን ከፈተች፣ የቆሻሻ መጣያውን አየች። እኔ ከጀርባዋ ቆሜ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት፤ ስለ አረንጓዴው ቁልፍ፣ ስለ ራይቱ፣ ስለ ጋሽ አብዱልመጂድ ግንባር። አላቋረጠችኝም። ብታቋርጠኝ፣ ብትጮህብኝ ደስ ባለኝ። አምና በዚህ ጊዜ ለብቻው የሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ እንግዛና ሠርጎቹን ሌላ ቦታ እናስቀምጥ ብላ ነበር። ይሰረቃል ያልኩት እኔ ነኝ። ከቤት ሱቅ ስታመላልሽው ይሰረቃል፣ ሌባም ተከትሎሽ ይመጣል ብዬ አስፈራርቼ አስተውኳት። ይህን አላነሳችውም። ግን እጇ ማውዙ ላይ ቆሞ ሲቀር እያሰበችው እንደሆነ አውቄያለሁ፤ እኔም እያሰብኩት ነበር።

የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም አወረደች። እሱም ገጾች ነበሩት፣ እሱም ራይት የተደረገባቸው ካሬዎች ነበሩት። ብሌን ጽሑፉን እንኳ ሳታነብ ራይቶቹን አንድ በአንድ ተጭና አጠፋቻቸው። ምንም አልሆነም። ማሽኑ አልጮኸም፣ ገጹ አልተመለሰም፤ ብቻውን ገባ። ይሄን ያህል ቀላል ነገር ነበር። ለአንድ ሰዓት ተኩል ፈለገና ስሞች አመጣ፤ መቶ ምናምን ቁጥሮች። ብሌን እየከፈተች ታያለች፤ አንዱ ጥቁር ነው፣ ሌላው አረንጓዴ መስመር ብቻ ነው፣ አንዱ ላይ የእልልታ ድምፅ ለሦስት ሰከንድ ያህል መጣና ተቆረጠ። የማን ሠርግ እንደሆነ እንኳ አልታወቀም። መጥረጊያው ካጠፋ በኋላ ላዩ ላይ ደርቦ ጽፎበታል አለችኝ።

ንጉሤ ፀሐይ ስትበርድ በዱላው እየተደገፈ መጥቶ በር ላይ ይቀመጣል፤ ሱቁን ስንዘጋ አብረን ነው ወደ ቤት የምንሄደው። ዛሬም መጣ። «ዛሬ ምን አለ?» አለ እንደ ልማዱ። ብሌን፣ «ካሜራው ተሠራ፣ አባዬ» አለች። «ጎሽ» አለ። እኔና እሷ ተያየን። ዐሥራ አንድ ዓመት በፀሐይና በአቧራ ትከሻው ላይ የተሸከመው ነገር ነው የጠፋው። ዓይኑ ማየት ካቆመ ወዲህ ደግሞ እነዚያ ሠርጎች አሉኝ ብሎ ነው የሚኖረው።

ብሌን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለፋዲላ ደውዪላት» አለችኝ። «የወሰደችው ዲስክ ብቻ ነው የቀረው። ከእሑድ በኋላ ታምጣውና ከእሱ ላይ እንገለብጣለን። ጽሑፉም ቢኖርበት ምን ይደረግ።»

«አንቺ ብትደውዪላትስ?»

ስልኬን አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችው።

ፋዲላ ቶሎ አነሳችው። ከኋላዋ ሰው አለ፣ የሚንጫጩ ሴቶች አሉ፣ ከእነሱም በላይ የማውቀው ድምፅ ይሰማል። ጋሽ አብዱልመጂድ ናቸው። «እትዬ አበራሽ፣ እማን ቢያዩዋት» አለች እየሳቀች፤ «ከመጣሁ ጀምሮ አራተኛ ጊዜዋ ነው። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታለች። ጽሑፉንማ የሠርጉ ስም ነው ብያት ተቀብላለች።» ስልኩን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠጋችልኝ። ያ ጎርናና፣ ረጋ ያለ ድምፅ «ያ ረቢ» ይላል፤ «ፋዲላን፣ የመጀመሪያ ልጄን» ይላል፤ በየመሀሉ ሴቶቹ አሚን ይላሉ። ከሁሉም አሚን የእትዬ መሪያም ዘግይታ ነው የምትመጣው።

«ፋዲላ፣ ያ ዲስክ እንዳይቧጨርባችሁ» አልኳት።

«አይቧጨርም።»

«ደጋግማችሁም አታጫውቱት። ዲቪዲያችሁ አሮጌ ነው፣ ቢበላውስ? እባክሽ አስቀምጡት።»

«ለምን፣ እትዬ? ብሌን ለቅዳሜ ሌላ ትልክልን የለ?»

በሩ ላይ በዱላው መሬቱን ሲያንኳኳ የነበረው ንጉሤ ማንኳኳቱን አቁሞ ነበር። «ሌላ የለም» አልኩ። «ዛሬ አጥፍቼው ነው። የእናንተን ብቻ አይደለም፣ ሁሉንም። ያ እጃችሁ ላይ ያለው ብቻ ነው የቀረው።»

ፋዲላ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው መሰለኝ፣ ድምፅዋ ከሩቅ መጣ፤ «እማ፣ አጥፊው። አጥፊው፣ እሱ ብቻ ነው አሉ።» የሴቶቹ ንግግር አንድ በአንድ ዝም አለ። ጋሽ አብዱልመጂድ የኑርሃንን ስም ሊጠሩ «ቀጥሎም» ብለው ነበር፤ እዚያ ላይ ተቆረጡ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ብሌን ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። «ለምን አታጫውቱት አልሻቸው?» አለች። «ዲስክ በማየት አያልቅም እኮ፣ እማዬ። እስከ እሑድ ቀን ከሌት ቢያዩት ምንም አይሆንም ነበር። አምጡት፣ እንገለብጣለን፣ ይሄው ነበር የምትያቸው።» ንጉሤ ወደ ውስጥ አልዞረም። «የየትኛው ዓመት ነው የጠፋው?» ብሎ ጠየቀ ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳደረገ። ብሌን፣ «ሁሉም፣ አባዬ» አለችው። ራሱን ነቀነቀ። የከባድ መኪናዎቹ መብራት እየመጣ ፊቱ ላይ ያልፋል፤ እሱ ግን ዓይኑን አይጨፍንም።

መልሼ ደወልኩ። ሦስት ጊዜ ጠርቶ አራተኛው ላይ ፋዲላ አነሳችው። አሁን ከኋላዋ ምንም ድምፅ የለም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኳት፤ ዲስክ በማየት አያልቅም፣ ብሌን ነግራኛለች፣ አውጡትና እዩት፣ እሑድም ያለ ሐሳብ አጫውቱት፣ ከሠርጉ በኋላ ብሌን ራሷ አጣዬ መጥታ ትገለብጥላችኋለች አልኳት። እስክጨርስ ታገሠችኝ።

«ይቅር፣ እትዬ» አለች። «እማ በኩታዋ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ቁልፉን ማንም አይነካብኝም ብላለች። አንዴ ቀብሬዋለሁ፣ ሁለተኛ አልቀብረውም ነው የምትለው።»

«እሑድስ?»

«እሑድ አጎቴ ዱዓ ያደርጋሉ።» በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር፤ ድካም ብቻ ነበር።

«ኑርሃንስ? ኑርሃን ግን ሰምታዋለች አይደል?»

«ኧረ እሷ የለችም፤ ሒና ልትደረግ ጓደኞቿ ዘንድ ናት» አለች ፋዲላ። «ለእሑድ ድንገት እናሰማታለን ብለን ነበር። መኖሩንም አልነገርናት።»